የእትዬ ኦብዱሊያ ትንፋሽ

ሚስባህ አብዱልገኒ ፍሬን ረገጠ። እግሩ ያገኘው ግን ባዶ ወለል ነበር። ፍሬኑ ያለው በሹፌሩ በኩል ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ዛሬ እሱ አይደለም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ስንተኛዎ ነው?» አለች ሀይሚ ከኋላ ወንበር፣ ሳቋን አፍና።

«ምኑ?»

«ፍሬኑ ነዋ! ወለሉን ሊበሱት እኮ ነው።»

«አንቺ ከኋላ ተቀምጠሽ ምን አለብሽ። ገደሉን የማየው እኔ ነኝ።»

ገደሉስ እውነት ነበር። መንገዱ ከተራራው ወገብ ላይ ተቆርጦ የወጣ፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን አስፋልት ነው። በሚስባህ በኩል ከጎማው አልፎ የሚታይ ምንም ነገር የለም፤ ከታች፣ እጅግ ከታች፣ ወንዙ እንደ ወደቀ ክር ተጋድሟል። አሮጌዋ ሳንታና ላንድሮቨር እያቃሰተች ትወጣለች። መሪውን የያዙት ጋሽ ኤውሴቢዮ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ የግራ ዓይናቸው ሞራ ከተገፈፈ ገና ሁለት ወሩ ስለሆነ ደረታቸውን መሪው ላይ ለጥፈው፣ አገጫቸውን አሹለው ነው የሚነዱት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቱሪስት በላንድክሩዘር ሲያመላልስ ለኖረ ሰው ከዚህ የበለጠ ቅጣት አይገኝም። የነዳጁ ቀስት ከጠዋት ጀምሮ ቀይ ላይ ተኝቷል፤ ይሄንንም ሚስባህ አይቶ ምላሱን ነክሷል። እንግዳ ነዋ! እንግዳ ስለ ነዳጅ አያወራም።

ቀኑ ሚያዝያ ሃያ ቀን ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኞ ነበር። ያ ሰኞ በስፔን ሰዎች ዘንድ ለብዙ ጊዜ ሲወራ የሚኖር ቀን እንደሚሆን በዚያች መኪና ውስጥ ካሉት ሦስት ሰዎች አንዱም አላወቀም። ጊዜው ወደ ስድስት ሰዓት ተኩል ይጠጋል፤ ፀሐይ አናት ላይ ናት፣ አየሩም ጦስኝ ጦስኝ ይሸታል።

ወደዚህ ያመጣቸው ምስጋና ነው። ጋሽ ኤውሴቢዮ ጡረታ የወጡ የመንደር አስተማሪ ናቸው። በሁለት ሺህ አሥራ አንድ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ ሚስባህ ነድቶላቸው፣ ሀይሚ ደግሞ አስጎብኝታቸው ነበር። ሀይሚ ቦሌ ተወልዳ ያደገች፣ ስፓኒሽን ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ ከቱሪስት ጋር በመሟገት ያሻሻለች ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት ተከተለ፣ ቱሪስት ጠፋ፤ ቦሌ ያለው ትንሹ የአስጎብኚ ቢሯቸው ተዘጋ። ሀይሚ ልብስ ሻጭ ሆነች። ሚስባህ ሲኖትራክ ይዞ ለለሚ ኩራ ግንባታ አሸዋ አመላለሰ። በእነዚያ ክፉ ዓመታት ሁሉ ጋሽ ኤውሴቢዮ ለሚስባህ በየኢዱ፣ ለሀይሚ በየእንቁጣጣሹ ደብዳቤ ከመጻፍ አንድም ቀን አልቦዘኑም። ደብዳቤውን የሚፈርሙትም «ጋሽ» እያሉ ነው፤ ሚስባህ የሰጣቸውን ማዕረግ እንደ ሜዳልያ ነበር የሚቆጥሩት። ዘንድሮ ቢሮው እንደገና ሲከፈት «ሀገራችሁን አሳይታችሁኛል፤ አሁን ተራው የእኔ ነው» ብለው ሁለቱንም ጠሩ።

በስድስት ቀን ዘጠኝ መንደር አይተዋል። ሚስባህ ስፔን ሲባል ኳስ ነበር የሚያውቀው፤ ጋሽ ኤውሴቢዮ ግን ስታዲየም ደጃፍ እንኳ አላደረሷቸውም። የወሰዷቸው ጣሪያቸው ላይ ሣር የበቀለባቸው የድንጋይ ቤቶች ወዳሉበት፣ ውሻ እንኳ ሰው ሲያይ ከደስታው ብዛት መጮህ ወደሚረሳበት ሀገር ነው። ተራራው የጥድ ነው። ከጥዱ ሥር የሚረገጠው ጦስኝ ነው። ሚስባህ አያት ኮንዶሚኒየም በር ላይ በእስር በእስር የሚገዛው ስጋ መጥበሻ ቅጠል እዚህ ማንም ሳይተክለው እንደ አረም ሞልቶ አገኘው፤ «ይሄ ሁሉ ስጋ መጥበሻ፣ ስጋው የታለ?» ብሎ ጋሽ ኤውሴቢዮን እስኪያስላቸው አሳቃቸው። አንድ መንደር ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት ክብ አውድማ ሲያይ ግን ቀልዱ ጠፋበት። ወሎ፣ የአባቱ መንደር ያለውን አውድማ መሰለው።

ከሁሉ የገረመው የሰው ነገር ነው። በየመንደሩ ሲደርሱ «ስንት ሰው ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል። አሥራ አራት። ስድስት። አንድ ሰውና ሁለት ፍየል። ሚስባህ አያት ሲገባ ከሕንፃው ጀርባ የጤፍ ማሳ ነበር፤ ዛሬ በመስኮቱ ሲያይ የሚያየው የሌላ ሰው መስኮት ነው። እሱ ጋ ከተማው መጥቶ ገጠሩን ዋጠው፤ እዚህ ደግሞ ከተማው ባለበት ቁጭ ብሎ ሰዉን አንድ በአንድ ጠራው። የትኛው እንደሚሻል ለመወሰን ሞክሮ አልሆነለትም።

ቋንቋውን ደግሞ፣ ወላሂ፣ ሳያውቀው ያውቀው ኖሯል። በሁለተኛው ቀን የሳንታናዋ ጎማ ሲተነፍስ «ጎማ!» ብሎ ቢጮህ ጋሽ ኤውሴቢዮ «ጎማ!» ብለው መለሱለት። ፍሬን ቢል «ፍሬኖ» አሉት። ፒንሳ ቢል ገባቸው፣ ካምቢዮ ቢል ገባቸው። ጣሊያን ለአዲስ አበባ ጋራዦች ጥሎት የሄደው ቃል ሁሉ የስፔን ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲያ ሚስባህ ሀይሚን አስተርጓሚ አድርጎ መጥራት አቆመ፤ «ጋራዥ ያደገ ሰው ግማሹን ያውቃል» እያለ በየመንደሩ ከሽማግሌው ሁሉ ጋር ስለ ትራክተር መጨዋወት ጀመረ። ሰው ሲኮራ ቶሎ ነው፤ የሚያዋርደውም ቃል ከዚያው ከኩራቱ መዝገብ ውስጥ እንደሚወጣ አላሰበም።

ሳንታናዋ የመጨረሻውን መታጠፊያ ጨርሳ የጋሽ ኤውሴቢዮ መንደር ቪያሴርና ስትደርስ አንድ ሽማግሌ መሐል መንገድ ቆመው እጃቸውን ያውለበልባሉ። ዶን ኒካኖር ናቸው፤ ከባሕር ማዶ ሠላሳ ዓመት ኖረው የተመለሱ የጋሽ ኤውሴቢዮ ጎረቤት። በመስኮቱ በኩል አጎንብሰው አንድ ነገር ጮኹ።

ሀይሚ በሳቅ ፈረሰች። «ጋሼ ይሰማሉ? 'መብራት ሄደ' ነው የሚሉት! ቃል በቃል እኮ ነው፤ ሄደ!»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሀገራችን ገባን በይኛ!» አለ ሚስባህ። «ይመጣል በያቸው። ሰው በመብራት እንዲህ ይደነግጣል? አያት መጥተው ቢያዩ!»

ሁለቱም እየሳቁ ዞር ሲሉ ግን ጋሽ ኤውሴቢዮ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ኦብዱሊያ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፤ የሳንታናዋን በር እንኳ ሳይዘጉ ወረዱና ወደ ቤቱ ሮጡ።

ያን ጊዜ ነው ለሚስባህ የታወሰው። ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። መብራት በሄደ ቁጥር ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ ሻማ ፍለጋ የሚነሳ የአያት ሰው፣ መብራት ማለት ትንፋሽ የሆነባቸው አንዲት ሴት በዚያ ቤት እንዳሉ ረስቶ ነበር። በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ያፈረበት ጊዜ የለም።

እትዬ ኦብዱሊያ የጋሽ ኤውሴቢዮ ታላቅ እህት ናቸው፤ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው። መጀመሪያ ቀን ስማቸውን ሲሰማ ሚስባህ «አብዱልያ? ሙስሊም ናቸው እንዴ?» ብሎ ሀይሚን አስቆ ነበር። መንደሩ 'ቲያ' ነው የሚላቸው፤ አክስት እንደማለት ነው። እሱም «እንግዲያማ እትዬ ናቸው» ብሎ ጨረሰው። ሳንባቸው ደክሟል። ቀንና ሌሊት ከአልጋቸው አጠገብ የምታንኮራፋ የኦክስጅን ማሽን አለች፤ ከማሽኗ ቀጭን ቱቦ ወጥቶ አፍንጫቸው ሥር ያርፋል። ማሽኗ ደግሞ የምትሠራው በመብራት ነው።

ሲገቡ ማሽኗ አታንኮራፋም፤ ጲጲጲ እያለች ትጮሃለች። እትዬ ኦብዱሊያ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ አየሩን እንደ ከባድ ዕቃ እየጎተቱ ያስገባሉ። ጋሽ ኤውሴቢዮ ከበሩ ኋላ የቆመውን መጠባበቂያ ሲሊንደር ለመክፈት ይታገላሉ።

«ይተዉት፣ ለኔ ይተዉት» አለ ሚስባህ።

ሲሊንደሩን ከእጃቸው ተቀብሎ ገጠመ፣ ከፈተ፣ ቱቦውን አዛወረ፣ የመጠን ማሳያውን ሁለት ላይ አቆመ። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንዴም አልተሳሳተም። ከዚያ የግፊቱን ቀስት አየ። ቀስቱ ቀዩን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ክረምት በረዶ ዘግቶን ጊዜ ተጠቅመንበት ነበር፤ ረቡዕ አዲስ ሊያመጡልን ነው» አሉ ጋሽ ኤውሴቢዮ በሀይሚ በኩል።

«ይሄ ለረቡዕ አይደለም» አለ ሚስባህ። «በዚህ አካሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ ከአሥር ደቂቃ።»

ሀይሚ ቀና ብላ አየችው። «እንዴት ያውቃሉ ጋሼ?»

የሚያውቀው ከአባቱ ነው። በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት መጋቢት ኮሮና አዲስ አበባን ባስጨነቀ ጊዜ አባቱን፣ ሼህ አብዱልገኒን፣ ከጎረቤት በለመነው ሲሊንደር ከኋላ ወንበር አስተኝቶ ከአያት ወደ ከተማ ነድቷል። ሦስት የሐኪም ቤት በር አንኳኳ፤ ሦስቱም ሞልተው ነበር። ወደ አራተኛው ሲሄድ፣ መገናኛን እንዳለፈ፣ ከኋላ የሚሰማው ትንፋሽ ቆመ። መቆሙን ጆሮው ነግሮታል፤ ግን ዞሮ አላየም፣ መስታወቱንም አላየም፤ «ደረስን አባዬ፣ ደረስን» እያለ ሌላ ሃያ ደቂቃ ነዳ። አላለቀሰም። ቀብሩ ላይም ሰው ሲያጽናና ዋለ እንጂ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ያን መኪና ሸጦ ሲኖትራክ ላይ የወጣው ለእንጀራ ብቻ አልነበረም፤ ሲኖትራክ የኋላ ወንበር የለውም።

«ስልክ ደውይ» አላት።

«የለም። ኔትወርኩም ሄዷል።»

ዶን ኒካኖር በባትሪ የምትሠራ ጥንታዊ ትራንዚስተር ሬዲዮ ደረታቸው ላይ አቅፈው ገቡ። ሀይሚ ጆሮዋን ሰጠችና ዓይኗ ፈጠጠ። «ጋሼ፣ እዚህ ብቻ አይደለም። ስፔን በሙሉ! ፖርቱጋልም። ባቡር ቆሟል፣ መቼ እንደሚመጣ አናውቅም ነው የሚሉት።»

«ሐኪም ቤት የት ነው?»

«ከታች ከተማው ውስጥ። ጄኔሬተር አላቸው ይላሉ ጋሽ ኤውሴቢዮ። አንድ ሰዓት መንገድ ነው።»

«ለእሳቸው አንድ ሰዓት» አለ ሚስባህ።

ከዚያ ጋሽ ኤውሴቢዮ ያደረጉትን ሚስባህ ዕድሜ ልኩን አልረሳውም። ከኪሳቸው የሳንታናዋን ቁልፍ አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡት። የወሎ ሰው ለታላቁ እንደሚሰጠው፣ ጎንበስ ብለው ነው የሰጡት። ያኔ ኢትዮጵያን ሲጎበኙ የተማሩት ይሆናል።

«ነዳጅ የለም» አለ ሚስባህ ቁልፉን ይዞ፤ እንግድነቱ እዚያ ላይ አበቃ። «ከጠዋት ጀምሮ ቀይ ላይ ናት። ማደያም መብራት ከሌለ አይቀዳም። ሀይሚዬ፣ አንቺ ከእሳቸው ጋር ቁጭ በይ፤ ቀና አድርገሽ ያዣቸው፣ እንዳይተኙ። ጋሽ ኤውሴቢዮ መድኃኒቱንና ወረቀቱን ይሰብስቡ። ነዳጁን ለእኔና ለሽማግሌው ተዉት።»

«ልተርጉምልዎት?»

«ለምን? እንግባባለን!»

ወጣና ሳንታናዋ አጠገብ ዶን ኒካኖርን አቆማቸው። የነዳጅ ክዳኑን ከፍቶ በጣቱ አመለከተ። «ናፍጣ» አላቸው። «ናፍጣ! ናፍጣ!»

የሽማግሌው ፊት በራ። «ናፍጣ! ሲ፣ ሲ!» ብለው በዚያ ዕድሜያቸው እየሮጡ ወደ ጓሯቸው ገቡ። ሚስባህ ጣሊያንንም፣ ጋራዡንም፣ ዶን ኒካኖርንም በአንድ ትንፋሽ አመሰገነ። ሽማግሌው ግን ቆዩ። በር ሲከፈት ይሰማል፣ ዕቃ ሲወድቅ ይሰማል። አምስት ደቂቃ። ዘጠኝ ደቂቃ። በመጨረሻ ጄሪካን በሁለት እጃቸው አንጠልጥለው፣ ላባቸውን እያንጠባጠቡ መጡ።

ሚስባህ ጄሪካኑን ነጠቃቸው ማለት ይቻላል። አፉን ከፍቶ አነሳ፣ አጋደለ፤ ፈሳሹ አንገቱ ጋ ሲደርስ ነፋሱ ሽታውን ፊቱ ላይ መለሰበት። እጁ ቆመ። ጣቱን ነክሮ አሸተተ፤ ከጣቱ ላይ ወዲያው ተነነ።

«ቤንዚን ነው!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ ቤንዚን ነው፣ ሞተሯን ልንገድላት ነበር! ናፍጣ ነው ያልኩት፣ ናፍጣ!»

«ናፍጣ!» አሉ ዶን ኒካኖር ጄሪካኑን በኩራት መታ መታ እያደረጉ። «ናፍጣ፣ ሲ!»

«አይደለም! ናፍጣ!»

«ናፍጣ!»

ሁለት ሽበታም ሰዎች በአንድ ቃል ተስማምተው በአንዲት መኪና ፊት ተፋጠጡ። ሚስባህ ሽማግሌው አእምሯቸውን የሳቱ መሰለው፤ ዶን ኒካኖርም ስለ እሱ ያንኑ ሳያስቡ አልቀሩም። መጨረሻው ላይ ሚስባህ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ወደ መስኮቱ ተጣራ። «ሀይሚ! ኧረ ድረሺ!»

ሀይሚ በመስኮቱ ብቅ ብላ ከሽማግሌው ጋር ሁለት ሦስት ቃል ተለዋወጠች። ከዚያ ግንባሯን በእጇ መታች።

«ጋሼ፣ እሳቸው ሠላሳ ዓመት የኖሩት አርጀንቲና ነው። አርጀንቲና ውስጥ ናፍጣ የሚሉት ቤንዚንን ነው! የሣር ማጨጃቸውን ቤንዚን ነው ያመጡልዎት።»

«እኛ ናፍጣ የምንለውንስ ምንድነው የሚሉት?»

«እዚህ ጋሶይል ነው።»

«ጋሶይል» አለ ሚስባህ። ያቺን ቃል ቢጠይቅ ኖሮ ሩብ ሰዓት ባልባከነ ነበር። ዶን ኒካኖርም ገብቷቸው ራሳቸውን ያዙ፣ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሚስባህ ትከሻቸውን ጨበጥ አደረገ። «አብሽሩ፣ አብሽሩ» አላቸው፤ በስፓኒሽ የማይገኝ የወሎ ማጽናኛ ነው፣ ግን ሠራ። ሽማግሌው እንባቸውን ጠርገው እጁን ጎተቱት።

ወደ አንድ ጎተራ አመሩ። ባለቤቱ እረኛ ተራራ ላይ ነው፤ የጎተራው ቁልፍ ግን ደፉ ላይ ካለው ድንጋይ ሥር መቀመጡን መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ውስጡ ትራክተር ቆሟል። ሚስባህ ወደ ትራክተሩ ታንከር እያመለከተ «ጎማ» አለ፤ አሁን ግን እየፈራ። ዶን ኒካኖር ከግድግዳው የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ አወረዱለት። ጎማ፣ እግዜር ይስጠው፣ በሁለቱም ሀገር ጎማ ነው።

ማደያ በደረቀባቸው የአዲስ አበባ ሰሞናት ሹፌር ከሹፌር የሚበዳደረው በአፉ ስቦ ነው። ሚስባህ ተንበረከከ፣ የጎማውን ጫፍ ነክሶ ሳበ። አንዴ ሳበ፣ መጣ፤ አፉ ሞላ። ተፋው። ቀይ ነው። ናፍጣ መቼ ቀይ ሆኖ ያውቃል? በጣቶቹ መሐል አሸው፤ ዘይት ዘይት ይላል፣ አይተንም። ሽታው የራሱ የሃያ ስድስት ዓመት ሽታ ነው። የገበሬ ነዳጅ ከሌላው እንዲለይ ቀለም እንደሚጨምሩበት ኋላ ነው የሰማው። ቤንዚኑን መሬት ላይ ደፍተው፣ ጄሪካኑን በዚሁ ለቅልቀው ሞሉና ለሳንታናዋ ቀዱላት።

ሲነሱ የሲሊንደሩ ቀስት ቀዩ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሚስባህ ልቡ ውስጥ ቆጠረ፤ ሃምሳ ደቂቃ። እትዬ ኦብዱሊያን ከኋላ አስደግፈው አስቀመጧቸው፤ ሀይሚ ሲሊንደሩን በጉልበቷ መሐል ያዘች፣ ጋሽ ኤውሴቢዮ ከፊት ሆኑ። ዶን ኒካኖር ሬዲዮዋን እንዳቀፉ መንገዱ ላይ ቀሩ።

«ቢስሚላህ» አለና ለቀቃት።

ሳንታናዋ እንዲያ ተነድታ እንደማታውቅ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ሚስባህ ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን በካምቢዮ ነው የያዘው፤ ማርሽ ቀንሶ፣ ሞተሯን እያስጮኸ፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ ሳይደርስበት አስቦ። ጠዋት መኪና አስቁሞ ያደነቀው ጥንብ አንሳ ሁሉ በገደሉ ላይ ያንዣብባል፤ አሁን አላማረውም። ጋሽ ኤውሴቢዮ አሁን በተራቸው ባዶ ወለል ይረግጣሉ። ያን ውብ ሀገር ሚስባህ በዚያ ቀን አላየውም፤ ያየው መንገዱን ብቻ ነው። ከኋላ ያለውን ግን ይሰማል። ሥሥ፣ ቆም፣ ሥሥ።

«ሀይሚ፣ ቀስቱ?»

«ወርዷል ጋሼ።»

«እሳቸውስ?»

«ዓይናቸው ክፍት ነው።»

መስታወቱን በእጁ ገፍቶ ወደ ጣሪያው አዞረው። ማየት አልቻለም። ይልቅ በአማርኛ ይናገር ጀመር፤ ለማን እንደሚናገር እሱም አያውቀውም። «እትዬ ኦብዱሊያ፣ ይተንፍሱልኝ። አንድ ብቻ፣ ይተንፍሱልኝ። አሁንም አንድ። ደርሰናል። ያቺን መታጠፊያ ጨርሰን ደርሰናል። ይተንፍሱልኝ እትዬ።»

ከተማው ከታች ሲታይ የሀይሚ ድምፅ ተሰበረ። «ጋሼ፣ ዜሮ ላይ ነው።»

«ይተንፍሱልኝ» አለ ሚስባህ።

የከተማው የትራፊክ መብራቶች ሁሉ ጠፍተዋል፤ መኪና በመኪና ላይ ተደርድሯል። የስፔን ሹፌሮች ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። መብራት በሌለው መስቀለኛ መንገድ እንዴት እንደሚታለፍ የሚያውቅ ሰው በዚያች ሰዓት በዚያ ከተማ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ጥሩንባ እየነፋ፣ እጁን በመስኮት አውጥቶ እያመሰገነ፣ አፍንጫዋን አስገብቶ አለፈ።

ጋሽ ኤውሴቢዮ ሐኪም ቤቱን በጣታቸው አመለከቱት። ጄኔሬተር ያጓራል። ሳንታናዋን በሩ ላይ አቆማት፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች ሮጠው ወጡ፣ የኋላው በር ተከፈተ፣ ሰው ወረደ፣ በር ተዘጋ። ሚስባህ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ፊት ለፊት እያየ ቀረ። ከኋላው ምንም ድምፅ የለም። ዞሮ አላየም።

ምን ያህል እንደተቀመጠ አያውቅም። ሀይሚ በመስኮቱ መጥታ ክንዱን ነካችው።

«ጋሼ።»

«አትንገሪኝ።»

«ጋሼ፣ እየተነፈሱ ነው እኮ። ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆኖ ነበር፣ አሁን ተመልሷል። ሐኪሟ ደርሳችኋል ብላለች። ይውረዱ በቃ!»

«ደርሳችኋል?»

«ደርሳችኋል።»

ወረደና አስፋልቱ ላይ፣ የሳንታናዋን ጎማ ተደግፎ ቁጭ አለ። አፉ አሁንም ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

አመሻሹ ላይ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሱቅ ማስታወቂያ ብልጭ ብሎ በራ። ሚስባህና ሀይሚ ሳይመካከሩ፣ ሁለቱም በአንድ ላይ፣ ለኮንዶሚኒየም ሰው በሚገባ ሙሉ ድምፅ «መጣ!» ብለው ጮኹ። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ከየሰገነቱ ጭብጨባ ተነሳ።

ገብተው እንዲያዩዋቸው ሲፈቀድ እትዬ ኦብዱሊያ ጭምብል ተደርጎላቸው፣ በሦስት ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ ኤውሴቢዮ እግራቸው ሥር ናቸው። አሮጊቷ ሚስባህን ሲያዩ እጃቸውን ዘረጉ። ሚስባህ እጃቸውን ያዘና ሊናገር ያሰበው ሁሉ ጠፋበት፤ የቀረው አንድ ቃል ነው።

«አመሰግናለሁ በያቸው።»

ሀይሚ አለች። እትዬ ኦብዱሊያ ቅንድባቸውን አኮሳተሩ።

«'እሱ ያመሰግነኛል? በምን ምክንያት?' ይላሉ ጋሼ።»

«ስለተነፈሱልኝ።»

«ጋሼ፣ ስለተነፈሱ ማለት እችላለሁ። ያቺ 'ልኝ' ግን ስፓኒሽ ውስጥ የለችም።»

«ፈልጊያት» አለ ሚስባህ። «የአባቴ ትንፋሽ እጄ ላይ ነው የቆመብኝ ሀይሚ። መኪናዬ ውስጥ፣ እየነዳሁ። እሳቸው ግን ተነፈሱልኝ። ፈልገሽ ንገሪያቸው።»

ሀይሚ ይህን ከእሱ ሰምታ አታውቅም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና፣ እየቆመች፣ ቃል እየጣለች፣ ሌላ እያነሳች ለረጅም ጊዜ ተናገረች። እትዬ ኦብዱሊያ ዓይናቸውን ከሚስባህ ላይ ሳያነሱ ሰሙ። ሲያልቅ ጭምብላቸውን በሁለት ጣታቸው ከፍ አድርገው ሁለት ቃል ብቻ ተናገሩ። «ደ ናዳ።»

«ምን አሉ?»

ሀይሚ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «'ምንም አይደል' ነው የሚሉት።»

«ምንም አይደል?» አለ ሚስባህ። «ምንም አይደል?» ብሎ ደገመው፤ ያን ያህል ነገር ሰጥቶ ምንም አይደል የሚል ሰው አይቶ አያውቅም። ሳቅ ከሆዱ ተነስቶ መጣበት፤ አልጋውን ይዞ ሳቀ፣ ሀይሚ ሳቀች፣ ጋሽ ኤውሴቢዮም ሳያውቁት ሳቁ። ሳቁ ግን ሳያልቅ ድምፁ ተለወጠና፣ ሚስባህ ግንባሩን አንሶላው ላይ ደፍቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ፣ አባቱን አለቀሰ። እትዬ ኦብዱሊያም ጭምብላቸውን መልሰው፣ ራሱን እየዳበሱ፣ ዝም ብለው ተነፈሱለት።